ጉድጓድ ውስጥ የቀሩት መጫኛዎች

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ሀብት አለው፣ ሰላም ግን የለውም። እህሉን የሚያኖረው መሬት ውስጥ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ነው። አፋቸው በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደንና በጭቃና በእበት ይመረጋል። እሱ ግን ቁጭ ብሎም ቆሞም «አሁን ማን ከፍቶት ይሆን?» እንዳለ ነው። በመጨረሻ ጠባቂ ቀጠረ።

ይርዳው፣ ታገሠኝ። ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራምህ የጠየቅኸኝን አልረሳሁትም፤ እደርስበታለሁ።

ጠባቂው ታማኝ ነበር። ኋላ ክፉ ሰው እንዳታደርገው ይህን አስቀድሜ ልንገርህ። በየቀኑ የእያንዳንዱን ጉድጓድ አፍ ከፍቶ ይወርዳል፣ እህሉን አይቶ ይወጣል፣ መልሶ ይመርጋል። የሚወርደው በመጫኛ ነው፤ ከበሬ ቆዳ የተገመደ ረጅም ጠፍር፣ በዚያ አገር በየቤቱ ከአንድ በላይ የማይገኝ። ገበሬውም ጎረቤቶቹን «ጠባቂዬ መጫኛ ሲጠይቃችሁ አደራ እንዳትከለክሉት» አላቸው። የሀብታም ልመና ነውና ማንም እምቢ አላለም።

ከዚያ ሊፈትነው ፈለገ። በድብቅ ከአንዱ ጉድጓድ ጥቂት ማሽላ ቀነሰ። ጠባቂው ውሎ ሳያድር መጥቶ «ጌታዬ፣ ከዋርካው ሥር ካለው ጎድሏል» አለው። ሌላ ቀን ጨመረበት፤ «ጨምሯል» አለው። አዲስ ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ጠባቂው ሳይነገረው አገኘው። ገበሬው ልቡ ረክቶ መፈተኑን ተወ።

ጠባቂው ሲወጣ ምን ትቶ እንደሚወጣ ግን ሄዶ አላየም። ጠባቂው ነገ ተመልሶ መውረዱ ስለማይቀር መጫኛውን አይፈታም ነበር። ጉድጓዱ አንገት ላይ ከመታው ችካል እንዳንጠለጠለው ድንጋዩን ከድኖ፣ በላዩ መርጎ ይሄዳል። ለሚቀጥለው ጉድጓድ ሌላ ይዋሳል። እህሉ ያለቀ ጉድጓድ እንኳ መጫኛውን እንደያዘ ተዘግቶ ቀረ። ከላይ ለሚያየው ምርጉ ያምራል።

ገበሬው አንዲት ልጅ ነበረችው። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሣር ስታጭድ ከገደሉ አፋፍ መሬቱ ከዳት። ወደቀች፣ ግን ታች አልደረሰችም፤ መሐል ላይ ከበቀለ ቁጥቋጦ ተንጠለጠለች። «አባዬ፣ ይዣለሁ! ቶሎ በሉ!» ስትል ከላይ ይሰማል።

አባት ጩኸቷን ሰምቶ አፋፉ ላይ ደረሰና መጫኛ ሊያመጣ ሮጠ። የራሱ ከተሰቀለበት የለም። ጎረቤት ደረሰ። «ጠባቂህ ወስዶታል እኮ» አሉት። ቀጥሎ ያለው ቤትም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም ያንኑ አሉት። ጠባቂው ዙሩን ጨርሶ እጁን ሲታጠብ አገኘውና አንገቱን ያዘው።

«መጫኛዎቹን የት አደረግኻቸው?»

«ሁሉም አለ፣ ጌታዬ። አንድም አልጠፋ። በየጉድጓዱ ውስጥ ነው።»

ወደ ቅርቡ ጉድጓድ ሮጡ። ምርጉ ፀሐይ መትቶት ደርቋል፤ በዶማ ፈለጡት። ድንጋዩን አንከባለሉ። ቋጠሮው ከርሮ አልፈታ ሲል በቢላ ቆረጡት። አፋፉ ላይ ሲደርሱ የሚጣራ ድምፅ አልነበረም። ቁጥቋጦው አለ፣ ልጅቱ የለችም።

ገበሬው መጫኛውን እንደያዘ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጠባቂውን አልመታውም። «የጠየቅሁትን ሁሉ ነግሮኛል» አለ፣ «ይህን ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ በኋላ ስለ እህሉ ሲጠይቅ የሰማው የለም።

አሁን ወደ አንተ፣ ይርዳው። «ጋሼ፣ ፕሮግራሜ ፋይል ሲቀየር፣ ሲጨመር፣ ሲጠፋ ወዲያው ይነግረኛል። ፈትኜው አልፏል። ደግሞ ምኑን ልፈትን?» አልኸኝ። ገበሬውም እስከዚህ ድረስ ፈትኖ ነበር። ፕሮግራምህ የሚከፍተው እያንዳንዱ ፋይል ከኮምፒውተሩ የተዋሰው መጫኛ ነው፤ ፋይሉን ካልዘጋው አልመለሰውም። መጫኛው ደግሞ የፕሮግራሞች ሁሉ ነው፣ ያልቃል። ሂድና ቀኑን ሙሉ አሠራው። ፋይሎቹን ፍጠር፣ አጥፋ፣ እንደገና ፍጠር። የሚነግርህን ተወውና የወሰደውን መመለሱን ተከታተል።

ፕሮግራምህ የሚጫነው የክሊኒክ ኮምፒውተር ላይ ነው ብለኸኛል። ይህን ካልፈተንህ አንድ ቀን ነርሷ የታማሚ ፋይል ልትከፍት ስትል ማሽኑ እምቢ ይላታል። ያን ጊዜም ያንተ ፕሮግራም ጥግ ላይ ሆኖ «ሁሉም አለ፣ አንድም አልጠፋ» እያለ ይጽፋል።