ዝቅ ብሎ የተላለፈው ጥሪ

አንድ ገበሬ ነበረ። ትርሲት፣ «መምህር፣ ስለ ብርሃን ጠይቄዎት ስለ ገበሬ ያወሩልኛል» አትበዪ፤ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። በመስታወቱ ላይ ተራርቀው የተደረደሩት፣ ዓይን የማያያቸው የብር ቅንጣቶች በጠንካራ ብርሃን ግለው እንዳይበላሹ ብለሽ ብርሃኑን ቀነስሽ። አሁን ደግሞ ከቅንጣት ወደ ቅንጣት የሚተላለፈው የብርሃን ማዕበል ሰልፋቸውን ሳይጨርስ ተበትኖ ይጠፋብሻል። ለምን ይሆን አልሽኝ። እንግዲያው ስሚ።

ገበሬው በሚኖርበት ሸለቆ ሰባት ቤቶች ነበሩ፤ ሁሉም በየጉብታው፣ ለየብቻ። ተራራው ላይ ሲዘንብ፣ እታች ፀሐይ እያለ እንኳ ወንዙ በድንገት ይሞላል። ስለዚህ ከሁሉ በላይ ያለው ቤት «ውሃ መጣ!» ብሎ ይጮኻል፤ ቀጣዩ ይቀበልና ወደ ታች ይጮኻል። ጥሪ አይጨመርበትም፣ አይቆረጥም፤ ደንቡ ይህ ነበር። ጩኸቱ ያስደነገጠው ሰው ሥራውን ጥሎ፣ ድንጋይ ላይ ወጥቶ በሙሉ ደረቱ ይጣራል። እንዲህ እየሆነ ጥሪው ሳይደክም ሰባተኛው ቤት ይደርሳል፤ ጎርፉንም ይቀድመዋል።

አንድ ቀን፣ በነሐሴ፣ ከሰዓት በኋላ ገበሬው ሲያርም ከላይ ጥሪ መጣ። «ውሃ መጣ! ደርቤን ወሰደው!»

ከገበሬው ቀጥሎ፣ በስድስተኛው ቤት የምትኖረው ሴት የደርቤ እህት ናት። ያውም ነፍሰ ጡር፣ ወሯ የገባ። መርዶ ደግሞ በጩኸት አይነገርም፤ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ለስለስ ተደርጎ ነው። ለነፍሰ ጡር ከሆነማ እስክትገላገል ይደበቃል። ገበሬው ደግ ሰው ነበርና ጭንቅ ያዘው። ስሙን ትቶ «ውሃ!» ብቻ ብሎ ቢጮህ ይበቃ ነበር፤ ግን ጥሪ አይቆረጥም ተብሎ ያደገ ሰው ነው፣ አልመጣለትም። ሁሉንም አለ፤ ድምፁን ግን ዝቅ አደረገው። ስሙ ላይ ሲደርስ ከራሱ በቀር ማንም አልሰማውም።

ሴትየዋ ስለ ውሃው ሰማች፤ አልደነገጠችም። «የከፋ ቢሆን እንዲህ አይጠራም ነበር» አለችና ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ ምስሯን እየለቀመች፣ ወደ ታች አንድ ጊዜ ተጣራች። ድምፁ ገደሉ ውስጥ ተበታትኖ ቀረ።

ሰባተኛው ቤት የገበሬው የገዛ ልጁ ቤት ነበር። የዳራት ባለፈው ጥር ነው። በዚያ ሰዓት ወንዝ ዳር ልብስ ታጥብ ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ ሽማግሌዎች ገበሬው ደጅ መጡ። የደርቤን እህት እንዴት እንደሚያረዷት ሊማከሩት መስሎት መቀመጫ አወጣላቸው። እነሱም እንደ ደንቡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለስለስ አድርገው የልጁን ነገሩት። ያን ጊዜ ጮኸ። ጩኸቱ ማንም ሳይቀባበለው ሰባተኛው ቤት ድረስ ዘለቀ፤ እዚያ ግን የሚሰማው አልነበረም።

ትርሲት፣ ቅንጣቶችሽም እንደነዚያ ቤቶች ናቸው። አይነካኩም፤ አንዱ ሲናወጥ ነው ጎረቤቱን የሚያናውጠው። ደካማ ብርሃን ሲደርሳቸው እንደ ወትሯቸው ይመልሳሉ፤ ብርሃኑም እየሰፋ፣ ብሩም በየደረጃው ድርሻውን በሙቀት እየወሰደበት ያልቃል። ብርቱ ብርሃን ሲመጣ ግን አመላለሳቸው ራሱ ይለወጣል። ማዕበሉ እንዳይበተን ሰብስቦ የሚይዘው ያ ለውጥ ነው። አዝነሽላቸው ነው የቀነስሽው፤ አውቃለሁ። ብርሃኑ የሚበራበትን ጊዜ አሳጥሪው እንጂ ኃይሉን አትቀንሺው። ለመጋል ፋታ ሳያገኙ ያልፋል።

እኔም ከዚያ ገበሬ አልሻልም። ከመስከረም ጀምሮ ይህን ልነግርሽ እያሰብኩ፣ ልብሽ እንዳይሰበር ብዬ «እስኪ ትንሽ እንየው» እያልኩ ሳለሳልስልሽ ከረምኩ። ይቆጨኛል። ለመመረቂያሽ ሁለት ወር ሲቀረው ነው የምነግርሽ፤ ስለዚህ ሳልቀንስ ስሚኝ። እስካሁን በደካማ ብርሃን የለካሽው ሁሉ አይሆንም። ነገ እንደ አዲስ ጀምሪ።