እንግዳን ማን ይቆጣል?

አንድ ሰው አባቱን ወደሚኖርበት አገር ለማምጣት ፈለገ።

አገሩ ካናዳ ነው፤ ከተማውን ልተወው። ሰውየውን ያፌት እንበለው። እናቱ ካረፉ በኋላ አባቱ አቶ ሽብሩ አሰላ ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ቀሩ። ሲደውልላቸው ሁልጊዜ "ደህና ነኝ" ይሉታል። አንድ ቀን ግን ጎረቤት ደወለች። "አባትህን ጓሮ ወድቀው ነው ያገኘናቸው፤ መቼ እንደወደቁ እንኳ አናውቅም" አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያፌት እንቅልፍ አጣ።

ስፖንሰር ማድረግ ምን እንደሆነ እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። "ይህ ሰው የእኔ ነው፤ ቢቸገር እኔን ጠይቁኝ" ብሎ በመንግሥት ፊት ዋስ መሆን ነው። ከዚያ መጠበቅ ነው። ያፌት ፈረመ፤ ጠበቀ። ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ አቶ ሽብሩ ቡናማ ሻንጣቸውን ይዘው ገቡ፤ እንደ ጎብኚ ሳይሆን እንደ ቋሚ ነዋሪ። ካርዱም በፖስታ መጣላቸው። ፎቶአቸው አለበት፤ ስማቸው አለበት።

ቤቱስ እንዴት ተቀበላቸው? እንደ ንጉሥ!

ብርጭቆ ሊያጥቡ ሲነሡ የያፌት ሚስት ትርሲት ከእጃቸው ትቀማለች። "ኧረ በሞትኩት አባባ! እኔ እያለሁ?" ደጅ ያለውን በረዶ ሊጠርጉ አካፋ ሲያነሡ ያፌት እየሮጠ ይወጣል። "ሰው ምን ይለኛል አባዬ? አባቱን ለጉልበት ሥራ አስመጣ ሊሉኝ ነው?" የልጅ ልጃቸውን ሊያቅፉ እጃቸውን ሲዘረጉ እንኳ "ትከብድዎታለች፣ ይረፉ" ይባላሉ።

እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኛ አክብሮት ብለን የተማርነው ይህንኑ አይደለም? ትልቅ ሰው ይቀርብለታል እንጂ ይታዘዛል?

ሽማግሌውም ተቀመጡ። ለበሩ የምትቀርበዋን ወንበር መረጡ። ውኃ ሲጠማቸው ፍሪጅ አይከፍቱም፤ ሰው እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ሻንጣው አልጋቸው አጠገብ እንደቆመ ነው። ሸሚዝ ሲፈልጉ ከፍተው ያወጣሉ፤ መልሰው ይዘጉታል። ቁም ሣጥኑ ባዶውን ከረመ።

በረዶው ሳይቀልጥ አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ "ያፌት፣ ትኬት ቁረጥልኝ" አሉ።

"ወዴት?"

"ወደ ቤቴ ነዋ።"

"እዚያ ማን አለህ አባዬ? ብትወድቅ ማን ያነሣሃል?"

"እግዜር።"

"ሄደህ ከቀረህ እኮ ፈቃዱም ይቀራል። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅነው ለምን ነበር? ምን አጎደልንብህ? ምን አጠፋን?"

"ምንም። እሱ ነው እኮ።" አሉ አቶ ሽብሩ። "አየህ፣ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርኩ። ያላደርኩበት ሆቴል የለም። ያንተ ከሁሉም ይበልጣል፤ አንሶላው ንጹሕ፣ ምግቡ የሚጣፍጥ። ግን ልጄ፣ ሆቴል ሆቴል ነው። ሲነጋ ሞተር አሙቀህ ትወጣለህ እንጂ ማን እዚያ ይኖራል?"

ያፌት "እሺ፣ ፋሲካን አብረን እንዋል፤ ከዚያ እቆርጥልሃለሁ" ብሎ ወደ ጓዳ ገባ፤ እንባውን እንዳያዩበት።

በዚያው ሳምንት ትርሲት ጉንፋን ይዟት ከሥራ ገባች። ለልጅቷ ወተት ጣደች። ልጅቷ ከመኝታ ቤት አለቀሰች፤ ዳይፐር ልትቀይርላት ሮጠች። ወተቱ መነሣት ጀመረ። አቶ ሽብሩ ከወንበራቸው ሆነው አዩት። ብድግ አሉ። ግን እንግዳ የሰው ምድጃ ይነካል? መልሰው ተቀመጡ።

ወተቱ ገነፈለ። አረረ። ቤቱን ጭስ ሞላው፤ ጣራ ላይ ያለው የጭስ ደወል ጮኸ፤ ልጅቷም አብራው ጮኸች። ትርሲት ግማሽ የተቀየረች ልጅ ታቅፋ ወጣች።

"አባባ! ቁጭ ብለው እያዩት ነው የገነፈለው? እጅ የለዎትም? ኧረ ያንን ጨርቅ ይያዙ! አይ፣ መጀመሪያ ይቺን ይያዙልኝ! ኧረ ሁለቱንም!"

ያፌት በሩን ሲከፍት አባቱ በአንድ እጃቸው ልጅ፣ በአንድ እጃቸው ጨርቅ ይዘው ምድጃ ይጠርጋሉ።

"ትርሲት! አባቴ ላይ ትጮኺያለሽ?"

"አዎ ጮኽኩ!" አለች። ያለችውን ያኔ ገና ሰማችው መሰለኝ፤ አፏን ያዘች። "በቃ፤ ፋሲካንም አይጠብቁም። በእኔ ምክንያት ነገ ይሄዳሉ።"

ጠዋት ይቅርታ ልትጠይቅ ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል። ብታይ፣ ሻንጣው አልጋው አጠገብ የለም። ሄደዋል አለች በልቧ። ኋላ ነው ቁም ሣጥኑን ያየችው። ሸሚዞቹ ተሰቅለዋል። ባዶው ሻንጣ ከላይ ተጋድሟል።

ሽማግሌው ወጥ ቤት ናቸው፤ ልጅቷን ታቅፈው ምድጃው ፊት ቆመዋል።

"አባባ፣ ስለ ትናንትናው ይቅር ይበሉኝ። አፌ ቀደመኝ።"

"ቆይ፣ አታናግሪኝ፤ ወተቱ ሊነሣ ነው።"

"እርስዎን መቆጣት አልነበረብኝም።"

"እንዴት አልነበረብሽም? እንግዳን ማን ይቆጣል?" አሉ ዓይናቸውን ከድስቱ ሳይነቅሉ። "ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ የተቆጣኝ ሰው አልነበረም።"

ያፌት ከኋላ ቆሞ ይሰማ ነበር። "ትኬቱስ አባዬ?" አለ ቀስ ብሎ።

"የምን ትኬት? ይሄን ወተት ማን ሊጠብቀው ነው?"

ወገኖቼ፣ እኚህ ሽማግሌ ቋሚ ነዋሪ የሆኑት መቼ ነው? ካርዱ የመጣላቸው ዕለት ነው? ወይስ ጨርቁን የያዙ ዕለት?

ካርዱን አላቃልልም። የልጃቸው ፊርማ ባይኖር ደጁንም አያዩትም ነበር። እኛም እንዲሁ ነን። በራሳችን ብቃት የገባን ማን አለ? ጌታ ዋስ ሆነልን፤ "ይህ ሰው የእኔ ነው" አለ፤ ገባን። ሐዋርያው ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ የእግዚአብሔር ቤተ ሰዎች ናችሁ እንጂ እንግዶችና መጻተኞች አይደላችሁም ይላል። አይደላችሁም!

ታዲያ ለምንድን ነው ለበሩ ቅርብ የምንቀመጠው? ስንት ዓመት በዚህ ቤት ኖረን ሻንጣችንን ያላራገፍን አለን? ቃሉ ሲያጽናናን እናለቅሳለን፤ ሲገሥጸን ግን "ከፋኝ" ብለን ትኬት እንጠይቃለን። ጌታ የሚወደውን ይቀጣዋል ተብሎ አልተጻፈም? እንግዳ ብትሆኑ ኖሮ ዝም ይላችሁ ነበር። የተገሠጻችሁት ልጆች ስለሆናችሁ ነው።

ደግሞ አደራ፣ ዛሬ ቤታችሁ ገብታችሁ አማቶቻችሁ ላይ ጩኹ አላልኩም! ትርሲት ይቅርታ ጠይቃለች። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። ፈርማችሁ፣ ጠብቃችሁ፣ ከአውሮፕላን ጣቢያ በአበባ ተቀብላችሁ ያመጣችሁት ሰው ቤታችሁ ውስጥ ምን ሥራ አለው? እሱ ባይኖር የሚጎድል ነገር አለ? የሚገነፍል ወተት አለ? ከሌለ፣ በክብር እያበላችሁት ብቻውን ትታችሁታል።

ይህ አዳራሽ የኪራይ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከቡራኬ በኋላ ወንበሮቹ ይታጠፋሉ። ሁልጊዜ የሚያጥፉት እነዚያው ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ የቀረነው ኮታችንን ይዘን እንወጣለን። በቅርቡ የመጡትን አባቶችና እናቶች ደግሞ፣ ከፊተኛው ረድፍ አስቀምጠን "አይነሡ" እንላቸዋለን።

ዛሬ እንዲህ አንበላቸው። ዛሬ ከአጠገባችሁ ለተቀመጡት አባት አንድ ወንበር አቀብሏቸው። እናንተም አንድ ያዙ።