ትርንጎና የሺ የሚባለው ስም

ጠጋ ጠጋ በሉ። ያልሰማ ይስማ፤ የሰማም አፉን ይዞ ይስማ። ድሮ ድሮ፣ አያቶቻችን ራሳቸው ሳይወለዱ፣ ሰምበሌጥ ሜዳ በሚባል አገር ጥጥ እየፈተለች የምትኖር ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል። ልጅ አልወለደችም። እዚያ አገር ደግሞ የወለደች ሴት በስሟ አትጠራም። ሴቶቹ ወንዝ ሲወርዱ «የአዳሙ እናት»፣ «የዝማም እናት» ይባባላሉ። ትርንጎን ግን «አንቺ!» ነው የሚሏት። በቃ፣ አንቺ። ይህ ያንገበግባታል። «እኔ ስሞት ስሜን የሚያስጠራ ማን አለኝ?» ትልና እንዝርቷን እንደያዘች ታለቅሳለች።

አንድ ክረምት ዝናብ ቀረ። ከቆላ የተራበ ሰው ጎረፈ። የሰምበሌጥ ሜዳ ሰው በሩን ዘጋ፤ ምን ያድርግ፣ ለራሱም አልበቃው። ትርንጎ ግን የጎጆዋን ክዳን አወረደች፤ በሱ ረጅም ዳስ ጣለች፤ ያን ሁሉ ሰው ከፀሐይ አስገባች። «ይቺ ሴትዮ ለየላት!» ተባለ። ዳሱ ውስጥ አንዲት ስደተኛ ወንድ ልጅ ተገላገለች። «እኔን ብቻ መች አስጠለለች? የሺ ሰው ጥላ ናት» አለችና ልጇን የሺጥላ አለችው። ትርንጎ ሕፃኑን አቀፈች፣ ሳመች፣ ለእናቱ መለሰች። ወንዝ ስትወርድ አሁንም «አንቺ!» ነበረች።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የጭቃ ሹሙ በሬ ጠፋ። ከስደተኞቹ የቀረ ገላው የሚባል ጎልማሳ «አንተ ነህ የሰረቅኸው» ተብሎ ተያዘ። «ልቀቁኝ፣ ፈልጌ ላምጣው» ቢል፣ «ዋስ ጥራ!» አሉት። ለመጤ ማን ዋስ ይሆናል? ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ትርንጎ ብድግ አለችና «እኔ ዋሱ ነኝ» አለች። ጭቃ ሹሙ ሳቀ።

«ርስት የለሽ፣ ልጅ የለሽ፣ በምንሽ ነው?»

«በራሴ።»

ገላውን ቀጠሮ ሰጥተው ለቀቁት። ቀጠሮው ደረሰ፤ ገላው የለም። እሷን አሰሯት። ሰንሰለቱ እግሯን ላጠው። በማግስቱ ገላው በሬውን ከበረሃ እየነዳ መጣ፤ ታስራ ሲያያት እንደ ሕፃን አለቀሰ። ውሎ አድሮ ልጅ ሲወልድ የሺዋስ አለው። ትርንጎ ሕፃኑን አቀፈች፣ ሳመች፣ ለእናቱ መለሰች።

ኋላ ፈንጣጣ ገባ። አቤት፣ ያን ዘመን አይመልሰው! ሰው ከገዛ ልጁ ሸሸ። ትርንጎ በልጅነቷ ታማ ስለዳነች አልፈራችም፤ ቤት ለቤት እየዞረች ውሃ ስታጠጣ፣ ቁስል ስታጥብ ከረመች። ጭቃ ሹሙ ቤትም ገባች፤ ያሰራት ሰውዬ እኮ ነው! እሱንም አጠበችው። በዚያ ዓመት የተወለዱ ሴቶች የሺመቤት፣ የሺሐረግ፣ የሺወርቅ ተባሉ። የጭቃ ሹሙም የልጅ ልጅ የሺመቤት ተባለች። ትርንጎ ሁሉንም አቀፈች፣ ሳመች፣ ለእናቶቻቸው መለሰች። ቤቷ ስትገባ ግን ማንም የለም።

አረጀች፤ አንድ ጠዋት አረፈች። እዚያ አገር ሴት ስትሞት ለፋፊ ጉብታ ላይ ወጥቶ «የእገሌ እናት አርፋለች፣ ውጡ!» ይላል። ለፋፊው ወጣ፤ አፉን ከፈተና ቆመ። ግራ ገባው። ቁልቁል ወደ ሰዉ ዞሮ፣

«ኧረ የማን እናት ልበል?» አለ።

ያን ሁሉ ዘመን «አንቺ» ሲሏት የኖሩት ሴቶች አፈሩ። ይሄኔ የየሺጥላ እናት፣ ያቺ ዳስ ውስጥ የወለደችው፣ በምርኩዟ ተደግፋ ጮኸች።

«ምኑን ትጠይቃለህ አንተ? የሺ እናት በል!»

እሱም አለ። አገሩ እንዳለ ወጣ፤ እያንዳንዱ ለናቱ አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ ሰምበሌጥ ሜዳ ላይ ያልወለደች ሴት ስትሞት ለፋፊው ማንንም አይጠይቅም። «የሺ እናት አርፋለች፣ ውጡ!» ይላል። የሰማም ሁሉ፣ ዘመዴ አይደለችም ሳይል፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል።