በግምገማው ሰሞን የጠፋው ፈረስ

በኛ ሰፈር ሹም ተነሥቶ “ሁሉም ሰላም ነው” ሲል፣ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያይተው የሚሏት አንዲት ተረት አለች። ወጣቶቹ ይስቁባታል። ከየት እንደመጣች ቢያውቁ አይስቁም። እኔ አውቃለሁ፤ መዝገቡ በእጄ ነበር።

የሰፈሩ ሰውና ፖሊስ አንድ ላይ ሆነው የሚሠሩበት የጸጥታ ኮሚቴ ነበረን። ሊቀመንበሩ አቶ አዱኛ፣ ጸሐፊው እኔ። በዓመት አንድ ጊዜ ከወረዳ ገምጋሚዎች ይመጡና የአቤቱታ መዝገቡን ይከፍታሉ። አቤቱታ ያነሰበት ሰፈር አንደኛ ይወጣል፤ ባንዲራ ይሰጠዋል። መለኪያው ይኸው ነበር።

ግምገማው አራት ቀን ሲቀረው ጋሪ ነጂው ጥጋቡ ቢሮ መጣ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሦስት ልጆቹን የሚያበላው በአንድ ዳማ ፈረስ ነው።

“የጋጣዬን በር ሁለቴ ፈልቅቀውታል” አለ። “ውሻዬ ባይጮህ ፈረሴ አልነበረም። ጻፉልኝና ጥበቃው በኔ በኩል ይዙር።”

ብዕሬን አነሣሁ። አቶ አዱኛ እጄን ያዘኝ።

“ጥጋቡ ወንድሜ፣ ፈረስህ አለ አይደል?”

“አለ።”

“ታዲያ ምን ተብሎ ይጻፍ? ሊሰረቅ ነበር ተብሎ?”

“ከተሰረቀ በኋላማ መጻፉ ምን ያደርግልኛል?”

“በሳምንቱ ና። እንግዶቹ ይሂዱ።”

ብዕሬን አስቀመጥኩ።

በዚህ አላበቃም። ገምጋሚዎቹ የሚያድሩት እዚያው ቀበሌው አዳራሽ ነበር። ውሻ ሲጮህ ከሰሙ ሌባ አለ ይላሉ ብሎ አቶ አዱኛ ሰጋ። ቤት ለቤት እየዞረ፣ እንግዶቹ እስኪሄዱ ውሻ ሁሉ አፉ በገመድ ይታሰር አለ። የሰፈራችን ትልቅ ሰው ባሻ ደምጤ፣ “ሌባውንስ ማን ያስረዋል?” ብለው ጠየቁ። ሰውም እያጉረመረመ አሰረ።

“የኔ ይቅር” አለ ጥጋቡ።

“ሰፈሩን አንተ ብቻ ልታዋርደው ነው?” አለው አቶ አዱኛ።

“ሁለት ቀን ቢጾም አይሞትም!” ብሎ አንድ ጎረቤት ሳቀበት።

ጥጋቡ አፈረ። ውሻውን በገዛ እጁ አሰረው።

እንግዶቹ በመጡ በሁለተኛው ቀን ጠዋት አዳራሹ ሞላ። የገምጋሚዎቹ መሪ፣ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት፣ መዝገቡን ገለጠች። የመጨረሻው ሦስት ወር ገጽ ነጭ ነው።

“ሌሊቱንም እኮ ኮሽ ያለ ነገር አልሰማንም” አለች። አጨበጨብን።

ጭብጨባው ሳያበቃ ጥጋቡ ገባ። ውሻውን ታቅፏል። ራሱን በዱላ መትተው ገድለውታል፤ አፉ እንደታሰረ ነው። ጠረጴዛው ላይ ከመዝገቡ አጠገብ አጋደመው።

“ፈረሴን ወሰዱት” አለ።

ሴትዮዋ ወደኔ ዞረች። “ከዚህ በፊት አመልክቶ ያውቃል?”

አቶ አዱኛን አየሁት። መሬት መሬት ያያል።

“የተጻፈ የለም” አልኩ። ውሸት አልነበረም። ከውሸት የባሰ ነበር።

መዝገቡን ከውሻው ራቅ አደረገችው። “እንግዲህ የዛሬው በሚመጣው ዓመት ይያዛል” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። አንደኛ ወጣን። ባንዲራውን አቶ አዱኛ ተቀበለ።

ፈረሱ አልተገኘም። በሳምንቱ ጥጋቡ ራሱ በጋሪው ሁለት እንጨቶች መሀል ገብቶ የሰው እህል ሲጎትት አየነው። በአዳራሹ በር ሲያልፍ ቀና አላለም። “ልርዳህ” ልለው ነበር፤ አፌ እንቢ አለኝ።

ባሻ ደምጤ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። አዳራሹ በር ላይ የተሰቀለውን ባንዲራ አዩ፤ ጥጋቡን አዩ፤ መጨረሻ እኔን አዩኝና እንዲህ አሉ፦ “የውሻውን አፍ አስረው፣ ሌባ የለም አሉ።”