ያልተጠየቀችው ልጅ

ወገኖቼ፣ የውብዳር የምትባል አንዲት አስተማሪ ነበረች። በአንዲት መንገድ ዳር ባለች ከተማ፣ ዘጠነኛ ክፍል ላይ አማርኛ ታስተምራለች። ድምፀ ቀጭን ናት። ርእሰ መምህሩ ሲያስጠራት ልቧ የሚመታ፣ ስብሰባ ላይ በሩ አጠገብ የምትቀመጥ፣ ተነሥታ ላለመናገር ሰበብ የምትፈልግ ሴት። ፈሪ ነበረች ብል አላማኋትም፤ ራሷ የምትለው ነው።

ክፍል ስትገባ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ድርሰት ጻፉ ስትላቸው ተማሪዎቹ ሁሉ የሚጀምሩት በአንድ ቃል ነበር፤ «እንደሚታወቀው» ብለው። እናንተም ተማሪ ሳላችሁ ጽፋችኋታል፣ አይደለም? «እንደሚታወቀው የጅብ ሥጋ መድኃኒት ነው» ብሎ አንዱ ጻፈ።

«ማን ነው የሚያውቀው?» አለችው።

«ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ቲቸር።»

«ሰው ሁሉ አይበቃኝም። አንድ ሰው ስጠኝ። ማን በልቶ ዳነ? አንተ አይተሃል? ያየውን ሰው ጠይቀሃል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁም ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እንደሚታወቀው» በዚያ ክፍል ተከለከለች። አንድ ነገር ከመጻፋቸው በፊት ማን እንዳየው፣ ማን እንደነገራቸው፣ ነገሩን በቅርብ የሚያውቀው ማን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ልጆቹ ወደዱት። ከሁሉ ይልቅ ትርንጎ የምትባል ቀጭን ረጅም ልጅ ወደደችው። ጥያቄውንም ይዛ ቤቷ ገባች።

አባቷ አቶ ጓንጉል ጣውላ ይሸጣሉ። ቁጡ ናቸው። አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት መጡ።

«ልጄን ምን አድርገሽ ነው የላክሽብኝ?» አሏት አስተማሪዋን። «ወሬ ባወራሁ ቁጥር ‹አባዬ፣ ማን ነገረህ?› ትለኛለች። ጎረቤት ቁጭ ብሎ! እኔ በልጄ ልጠየቅ? ፊደል አስቆጥሩልኝ አልኩ እንጂ መርማሪ ፖሊስ አድርጉልኝ አልኩ?»

ርእሰ መምህሩም በዚህ ጊዜ «እውነታቸውን ነው» አሉ። «የውብዳር፣ ፈተና ላይ የሚወጣው ሰዋስው ነው። ይህን የጥያቄ ነገር ተይው። እኔም ከወላጅ ጋር ጠብ አልፈልግም።»

የውብዳር እሺ አለች። ምን ትበል? ከዚያ ወዲያ ከመጽሐፉ እየጻፈች ታስገለብጣቸው ጀመር። ልጆቹ ሲያዝኑ አየች። ማየቷን ግን ለማንም አልተናገረችም።

በዚያ ሰሞን ወሬ ገባ።

ልጅ ሰራቂዎች ከተማ ገብተዋል ተባለ። ከረሜላ እየሰጡ ነው የሚወስዱት ተባለ። በመኪና ነው ተባለ፤ የለም፣ በእግር ነው ተባለ። ኩላሊት ያወጣሉ ተባለ። ወገኖቼ፣ ይህችን «ተባለ» የምትባል ቃል ልብ በሉልኝ። ባለቤት የላትም። ማን እንዳለ አትናገርም። ማንም ሳይጠየቅባት በየቤቱ ትገባለች።

እናቶች ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስቀሩ። በር በቀን መዘጋት ጀመረ። መንገድ ላይ እንግዳ ሰው ሲያልፍ ጨዋታ ይቆምና ዓይን ሁሉ ይከተለዋል። የውብዳርም ገና አፉን የፈታ ልጅ አላት። ሌሊት እየተነሣች መቀርቀሪያውን ትዳስሳለች። እሷም አመነች። ያቺ «ማን አየ?» እያለች ያስተማረች ሴት፣ ማንንም ሳትጠይቅ አመነች። ፍርሃት ሲገባ ትምህርት በየት እንደሚወጣ እናንተ ታውቃላችሁ።

አንድ ቀን ትርንጎ ክፍል ውስጥ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ስለ ልጅ ሰራቂዎቹ ብንጽፍስ? የተሰረቀበትን ሰው ፈልገን፣ ጠይቀን…»

«ተቀመጪ፣ ትርንጎ» አለች የውብዳር። «ያ ነገር ቀርቷል።»

ትርንጎ ተቀመጠች።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን በጊዜ ለቀቀ። የውብዳር ልጇ ያለው እናቷ ዘንድ ስለ ነበር እየተቻኮለች ወጣች፤ መንገዳቸው አንድ የሆነ ተማሪዎች ተከተሏት፤ ትርንጎም ነበረችበት። ወደ መናኸሪያው ሲቃረቡ ጩኸት ሰሙ። የገበያ ጩኸት አልነበረም። ከብዙ ጉሮሮ የሚወጣ አንድ ድምፅ ነበር።

«ተያዘ! ተያዘ!» እያለ አንድ ሰው በአጠገባቸው ሮጠ። «ከነልጅቱ ተያዘ!»

የውብዳር በልቧ ምን አለች ይመስላችኋል? «ማን አየ?» አለች? አላለችም። «ተመስገን» አለች። ደስ አላት። ዛሬ ሌሊት እተኛለሁ፣ አለች።

ቀረብ ስትል ሰውየውን አየችው። የመናኸሪያውን ግንብ ተደግፏል። ሸሚዙ ተቀዷል። ከግንባሩ የሚወርደው ደም አንድ ዓይኑን ሸፍኖታል።

«ከየት መጣህ? ተናገር!» ይሉታል። አይናገርም።

«ልጅቱን ከየት ወሰድክ?» ይሉታል። አይናገርም። አፋቸውን አፋቸውን ያያል፤ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው። ከዚያ እጆቹን አንሥቶ በፍጥነት ያወዛውዛል፤ ጣቶቹን ያጣጥፋል፤ ደረቱን ይመታል፤ ወደ ልጅቱ ያመለክታል።

«ድግምት እየደገመ ነው!» አለ አንዱ። «እጁን ያዙት!»

ልጅቱ ራቅ ብላ አንዲት ሴት ጉያ ውስጥ ነበረች። ሴትዮዋ «አይዞሽ፣ አተረፍንሽ» እያለች ታባብላታለች። የልጅቱ ጉንጭ ከአገጯ እስከ አናቷ በጨርቅ ታስሯል። «እንዳትጮህ አፏን አስሯት ነበር» ይባባላል ሕዝቡ። ልጅቱ ታለቅሳለች። አንድ ነገር ትላለች፤ በጨርቁ ታፍኖ የሚወጣ ቃል ነው፤ ደግሞም በዚያ ጩኸት ውስጥ የሕፃን ድምፅ ማን ይሰማል?

በዚህ ጊዜ የውብዳር ልብ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ይህ ሰው ሌባ ከሆነ ለምን አይሸሽም? ለምን አንዴ እንኳ አይምልም? ለምን ከሚመቱት ሰዎች ይልቅ ልጅቱን ያያል? ጥያቄው አንድ በአንድ መጣላት፤ ስታስተምረው የኖረችው ነውና። የሚጠየቀውን አወቀች።

እንደ ምንም ብላ አጠገቧ ላለው ሰው «ምናልባት… ፖሊስ ቢመጣ…» አለች።

ሰውየው ዞር አለ። ድንጋይ ይዟል። «አንቺ ደግሞ ምኑ ነሽ?» አላት።

«ምኑም አይደለሁም» አለች።

ወገኖቼ፣ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ልጄን እያለች አፈገፈገች። አትፍረዱባት። እኛ እዚያ ብንሆን እስከዚያም አንጠጋም ነበር።

ቀና ስትል ትርንጎ አጠገቧ የለችም። በሰው እግር መካከል ሾልካ ገብታለች። ግን ወደ ሰውየው አልሄደችም። ማንም ወዳልሄደበት ሄደች፤ ወደ ልጅቱ። ፊቷ ተንበረከከች። የታሰረውን ጨርቅ በጣቷ ዝቅ አደረገችና ጆሮዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ሚጣዬ፣ ስምሽ ማነው?»

«ብርቄ።»

«ብርቄ፣ ይሄ ሰውዬ ምንሽ ነው?»

ልጅቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ስትለው የነበረውን እንደገና አለች።

«አባቴ ነው። አይሰማም እኮ። ጆሮው አይሰማም። ጥርሴን አሞኝ ጤና ጣቢያ እየወሰደኝ ነው። አባቴን ተዉት።»

ትርንጎ ተነሥታ ጮኸች። «አባቷ ነው! አባቷ ነው! መስማት የተሳነው ነው!» ማን ሰምቷት! ሮጣ ሄዳ ሰውየው ፊት ቆመች። በዚያው ቅጽበት የተወረወረ ድንጋይ ትከሻዋን መታት። «እሷም ከነሱ ናት!» አለ አንድ ድምፅ። ሕዝቡ ወደ ፊት ገፋ።

ከፊት፣ ወፍራም የጣውላ ቁራጭ አንሥተው የቆሙት ማን ነበሩ? አቶ ጓንጉል። አባቷ።

«ትርንጎ! ነይ ውጪ ከዚያ!» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «ሌባ ነው! አንቺ አታውቂም!»

ትርንጎ ትከሻዋን ይዛ፣ እያለቀሰች፣ አባቷን አየቻቸው።

«አባዬ» አለች፣ «ማን ነገረህ?»

አቶ ጓንጉል ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። የነገራቸውን ሰው ፊት በልባቸው ፈለጉ፤ አላገኙትም። ጣውላው እጃቸው ላይ ከበደ።

ያን ጊዜ የውብዳር ራሷን ትርንጎ አጠገብ አገኘችው። እንዴት እንደ ደረሰች አታውቅም። ያቺ ድምፀ ቀጭን ሴት ጮኸች። «ሲሰርቅ ማን አየ? ያየ ሰው ይውጣ! እኔ አየሁ የሚል አንድ ሰው ይምጣ!»

ሰው ሰውን ማየት ጀመረ።

«ባጃጅ ነጂው ነው የነገረኝ» አለ አንዱ።

«እኔ እነሱ ሲሮጡ አይቼ ነው» አለ ባጃጅ ነጂው።

«እኛ ‹ያዘው› ሲባል ሰምተን ነው የሮጥነው» አሉ የሮጡት። ያየ ሰው አልወጣም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድም ሰው አልወጣም።

ብርቄ ከሴትዮዋ ጉያ አምልጣ አባቷ እግር ላይ ተጠመጠመች። በትንንሽ እጆቿ ምልክት ሠራችለት። እሱም ደም በነካው እጁ መለሰላት። «ድግምት ነው» ያለው ሰው ይህን አየ። ፊቱን ወደ መሬት አደረገ። ፖሊስ የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው።

ሰውየው ሞተ ብላችሁ ፈርታችሁ ከሆነ፣ አልሞተም። ግን አንድ ዓይኑ ጠፋ። ወገኖቼ፣ ለማይሰማ ሰው ዓይን ምን እንደሆነ አስቡት። የሚሰማው በዓይኑ ነው። ልጁ ስትጠራው የሚያውቀው በዓይኑ ነው። ያቺ ከተማ ከዓይኑም ከጆሮውም ግማሹን ወሰደችበት። አቶ ጓንጉል ሆስፒታል ድረስ ሄደው እግሩ ላይ ወደቁ ይባላል ልላችሁ ነበር፤ «ይባላል» አልልም። ሄደዋል፤ የወሰዷቸው የውብዳርና ትርንጎ ናቸው። ሰውየው አነሣቸው። ይቅር ማለቱን ግን እኔ አላውቅም፤ ብርቄ እዚያ አልነበረችምና እጁ ያለውን የተረጎመላቸው ሰው አልነበረም።

የውብዳር ሰኞ ጠዋት ሳትጠራ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገባች። «የጥያቄውን ነገር ማስተማሬን እቀጥላለሁ» አለች። «ከፈለጉ ያባሩኝ።» አላባረሯትም። ክፍል ገብታም ተማሪዎቹን በዚያ ቀን የት እንደ ቆሙ፣ ምን እንዳዩና ምን እንዳደረጉ እንዲጽፉ አዘዘቻቸው። ከኋላ ወንበር አንዱ ማልቀስ ጀመረ፤ እሱም ድንጋይ ወርውሮ ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተ «እኔ ድንጋይ ወርውሬ አላውቅም» ትላላችሁ። እውነት ነው? ስልካችሁን አውጡና እዩት። ትናንት የደረሳችሁን ወሬ ለስንት ሰው አስተላለፋችሁ? ያ ሰው እንዲህ አደረገ፣ እነዚያ ሰዎች እንዲህ ናቸው የሚለውን፣ ሳታነቡት፣ ሳትጠይቁት፣ ለወዳጅ ዘመድ አልላካችሁም? በጣት የሚወረወር ድንጋይ ድምፅ የለውም። የት እንደሚያርፍም አታዩም። በሐሰት መመስከር ኃጢአት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ያላዩትን እንዳዩ መናገርስ ሌላ ምን ይባላል?

ደግሞም ጎረቤታችሁን እንዴት ነው የምታውቋት? እሷ ከነገረቻችሁ ነው ወይስ ስለ እሷ ከተነገራችሁ? በዚህ ጉባኤ መካከል ስሟ የጠፋ ሴት ብትኖር፣ ከመካከላችን ማን ሄዶ «እውነቱ ምንድን ነው፣ እኅቴ?» ብሏታል? ስለ ሰው ከሰው እንሰማለን፤ ሰውየው ግን አጠገባችን ቆሞ ያለቅሳል። ልቡናን የሰጠን አምላክ የሰማነውን ሁሉ እንድንውጥበት አልሰጠንም።

እኔ የምፈራው ክፉ ሰዎችን ብቻ አይደለም። ያን ቀን መናኸሪያው ውስጥ ክፉ ሰው ጥቂት ነበር። የሞሉት አባቶችና እናቶች ነበሩ፤ ልጆቻቸውን የሚወዱ፣ እንደ እናንተ ጾመው የሚጸልዩ። ፍቅራቸው እውነት ነበር። ፍርሃታቸውም እውነት ነበር። ያመኑት ወሬ ብቻ ውሸት ነበር፤ እሱም አንድ ሰው ለመግደል በቂ ነበር።

ነገ ጠዋት በእናንተ ደጃፍ የማታውቁት ሰው ያልፋል። አካሄዱ እንግዳ፣ ንግግሩ የሌላ አገር ይሆናል። ቤቱ የሚጠብቀው ሰው አለ። ወደ እነሱ በሰላም መመለሱ በእግዚአብሔር እጅ ነው፤ ግን በእናንተም አፍ ነው። አፋችሁን ጠብቁለት።