የወቀሳ ቅርጫ

አንድ ጊዜ፣ ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ሸለቆ የሚኖሩ እንስሳት እምቧይ የመወርወር ጨዋታ ነበራቸው። በሜዳው በዚህ ጫፍ ዋርካ፣ በዚያ ጫፍ ሾላ ቆሟል። በሁለቱም ግንድ ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ ሽንቁር አለ። የደረቀ እምቧይ እየተቀባበሉ ሮጠው ወደ ባላጋራቸው ሽንቁር አብዝተው ያስገቡ ያሸንፋሉ። ጨዋታው ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ያከበዱት ደጋፊዎቹ ናቸው።

የሸለቆው ቡድን አሰልጣኝ አንዲት አሮጊት አህያ ነበረች። እመት አህይት ይሏታል። በወጣትነቷ ከሰው ዘንድ ኖራ እህል ስታመላልስ ያረጀች፣ ጀርባዋ ላይ ጠጉር የማይበቅልበት ጠባሳ ያለባት ናት። ከዚያ ሁሉ ዘመን የተማረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጭነት ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ጀርባ ይልጣል። ቡድኑንም የምታሰለጥነው በዚሁ ነበር።

«ዝንጀሮ ብቻውን አይሸከም» ትላለች። «ሚዳቋም ትያዝ፣ ከርከሮም ይያዝ። ጭነቱ ይመጣጠን።»

በየማለዳው ዳገት ታስወጣቸዋለች፣ ታወርዳቸዋለች። ለዚህ ሁሉ የምታገኘው ዋጋ በሸለቆው ውስጥ ማደር ነው። ይህ ደግሞ ለእንግዳ ቀላል ነገር አይደለም። በሸለቆው ውስጥ ማንም ማንንም እንዳይበላ አንበሳ ደንግጓል። ሸለቆውን ከከበበው ገደል ማዶ ግን ድንጋጌ የለም፤ ጨለማና ጥርስ ብቻ ነው ያለው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። እመት አህይት ያንን ባል እንኳ አልነበራትም።

ደጋፊዎቹ የሚቀመጡት ከሜዳው ዳር ባለው ጥቁር አለት ላይ ነው። አለቱ ሌላም አገልግሎት አለው። በዓል ሲሆን ሥጋ በሎቹ ከገደሉ ማዶ አድነው ያመጡትን እዚያ ላይ በቅርጫ ይካፈላሉ፤ መደቡን አስተካክለው፣ ዝንብ እንዳያርፍበት ኮባ አልብሰው፣ እጣ ጥለው። ከዚህ የተነሳ በዓለም ላይ ያለው ነገር ሁሉ መደብ ተደርጎ የሚከፋፈል ይመስላቸው ነበር።

አንድ ዓመት ቡድኑ አሸነፈ። አለቱ ላይ ክርክር ተነሳ።

«ያሸነፈው ዝንጀሮ ነው» አለ ቀበሮ። «ክንዱ ነው ያሸነፈው። ሌላው አጃቢ ነው።»

«እመት አህይትስ?» አለች ጅግራ።

«እሷ ደግሞ ምን አደረገች? ቆማ ጆሮዋን ስታማታ ዋለች። እንዲህ ያለ ዝንጀሮ ካለ ጉቶም ያሰለጥናል።»

«አምናም እኮ ዝንጀሮ ነበረ። ተሸነፍን።»

«አምናማ የተሸነፍነው በእሷ ነው።»

ጅግራ ነገሩ አልገጠመላትም። ዙሪያዋን ብታይ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ እሷም ነቀነቀች።

«እኔን ከጠየቃችሁኝ» አለ አያ ጅቦ፣ «ዘንድሮ እመት አህይት ወፍራለች።»

«ማን ጠየቀህ?» አለው ቀበሮ።

«የጠየቀኝስ የለም። ያየሁትን ነው የምናገር።»

በዓመቱ የወንዝ ማዶው ቡድን ለግጥሚያ መጣ። ቀኑ ያቃጥላል። ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ሁለቱም እኩል ነበሩ። ዝንጀሮ እግሩን መጎተት ጀመረ፤ ሲወረውር ክንዱ ይንቀጠቀጣል። ከአለቱ ላይ ይህን ያየ የለም። እመት አህይት አየች።

«ዝንጀሮ፣ ና ውጣ» አለችው። «ውሃ ጠጣና ጥላ ሥር አረፍ በል። ሚዳቋ ትወርውር።»

ዝንጀሮ እየተነጫነጨ ወጣ። አለቱ ተንጫጫ።

«ዝንጀሮን ታስወጣለች እንዴ? ዓይኗም ጠፋ?»

«ጭነት መስሏት ይሆናል። አራገፈችው።»

«እመት አህይት፣ መልሺው» አለ ቀበሮ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን እንዲሰማት አድርጎ። «ኋላ በአንቺ እንዳይሆን። ለአንቺው ብዬ ነው።»

የጆሮ መርዘም ጉዳቱ ይህ ነው፤ ሁሉን ይሰማል። እመት አህይት ቀና ብላ ገደሉን አየች። ከገደሉ ወዲያ ያለውን አሰበች። ከዚያ ለዝንጀሮ፣ ልክ እንዳልሆነ እያወቀች፣ «በል ግባ» አለችው።

ዝንጀሮ ገባ፤ እምቧዩም ደረሰው። ሚዳቋ ሽንቁሩ ሥር ብቻዋን ቆማ «ለኔ፣ ለኔ» ትላለች። ዝንጀሮ የሚሰማው ግን ስሙን እየጠራ የሚጮኸውን አለት ነው። ራሱ ወረወረ። እምቧዩ የሽንቁሩን ከንፈር ነክቶ ወደ ውጭ ወደቀ። የወንዝ ማዶዋ ጦጣ ከመሬት አፈፍ አድርጋው ሮጠች፣ አስገባች። ጨዋታው አለቀ።

በማግስቱ ጠዋት አንበሳ አለቱ ላይ ለሸንጎ ተቀመጠ። አንበሳ አርጅቷል። ከጥርሱ ሕመም ይልቅ የሚያሰቃየው የደጋፊ ክርክር ነው፤ ነገር ግን ንጉሥ ነውና መስማት አለበት። እመት አህይት ከፊቱ ቆማለች። ዝንጀሮ ራቅ ብሎ ጥፍሩን ያያል።

«በሉ ተናገሩ» አለ አንበሳ። «በማን ነው የተሸነፍነው?»

ሁሉም ተናገሩ። አንዱ ዳገቱ በዝቶ ተጫዋቾቹ ደከሙ አለ፤ ሌላው ዳገቱ አንሶ ሰነፉ አለ፤ ሁለቱም ጥፋቱን ለእመት አህይት ሰጡ። አንዱ ዝንጀሮን ፈጥና አስወጣችው አለ፤ ሌላው ዘግይታ አስወጣችው አለ። ፀሐዩም በእሷ ሆነ። ከርከሮ መሐል ገብቶ፣ «እኔም ጥቂት ሳላጠፋ አልቀረሁም፤ ጦጣዋን የምጠብቃት እኔ ነበርኩ» ቢል የሰማው የለም። ደጋፊ የሚወደው ትልቅ ጥፋት ነው፤ የከርከሮ ጥፋት አይጣፍጥም።

«መልካም» አለ አንበሳ። «ጥፋቱ ምን ያህል እጅ የእሷ ነው?»

«ግማሹ።»

«ሲሶው ይበቃታል።»

«ሙሉው እንጂ። ስታሸንፍ ዝምታዋን አላያችሁም?»

እዚህ ላይ ቀበሮ ተነሳ። እመት አህይት የምታድርባት ከአለቱ ሥር ያለች ደረቅ ጥግ ናት፤ ቀበሮ ከክረምት ጀምሮ ዓይኑን ጥሎባታል።

«ጌታችን» አለ፣ «ለምን እንደ ልማዳችን አናደርገውም? በቅርጫ እንለየው። እያንዳንዱ ጥፋት አንድ ድንጋይ ይሁን። ከወንዙ እናምጣና ለየባለቤቱ መደብ እናብጅ፤ የዝንጀሮ መደብ፣ የሚዳቋ መደብ፣ የከርከሮ መደብ፣ የእመት አህይት መደብ። ትልቁ መደብ የደረሰው ከገደሉ ማዶ ይሂድ። እኛም ምንም አልጨመርን፣ ምንም አልቀነስን።»

ጥሩ ሐሳብ ነው ተባለ። አንበሳም ስለ ሰለቸው፣ «ይሁን። ትልቁን መደብ የወሰደ ከዚህ ሸለቆ ይወጣል። ቃሌ ነው» አለ።

ድንጋይ ማጋዝ ተጀመረ። ሥራ ሲባል የማይገኘው ሁሉ ያን ቀን ተገኘ። ለዝንጀሮ ሁለት ጠጠር ተቀመጠለት፤ ያንንም ያስቀመጠው ይቅርታ ጠይቆ ነው። ለሚዳቋና ለከርከሮም ትንሽ ትንሽ ደረሳቸው። የእመት አህይት መደብ ግን ከቁመቷ በለጠ። ቀበሮ ወግ አዋቂ ነኝ ባይ ነውና ድንጋዩን እንደ ሥጋ በኮባ አለበሰው።

እመት አህይት ቆማ ታይ ነበር። ትላንት ማለዳ ዳገት ያወጣቻት ሚዳቋ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።

አያ ጅቦ በዚህ ሁሉ መሐል አልነበረም። እመት አህይት እንደምትባረር ከሌሊቱ ጀምሮ ጠርጥሮ፣ የምትወጣበትን መንገድ ሊያይና የሚያደፍጥበትን ቁጥቋጦ ሊመርጥ ከገደሉ ማዶ ሄዶ ነበር። ሲመለስ አለቱ ላይ መደብ ተደርድሯል፤ ኮባም ለብሷል።

«ቅርጫ አለ እንዴ?» አለ። «ሳልጠራ?»

«አያ ጅቦ፣ ያንተ ጉዳይ አይደለም። ዝም ብለህ ተቀመጥ» አለው ቀበሮ።

«ያ ትልቁ የማን ነው?»

«የእመት አህይት ነው» አለች ጅግራ።

አያ ጅቦ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«የአህያ?» አለ። «ሣር በል ናት። ኧረ እናንተ፣ መቼ ነው አህያ ከጅብ በላይ ተካፍላ የምታውቀው? ለኔ ምን አስቀራችሁ?»

«ለአንተማ ምንም አልደረሰህም፤ ደስ ይበልህ።»

«ደስ ይበለኝ?»

አያ ጅቦ ሁለት ጊዜ ተራመደና ትልቁ መደብ ላይ ወጥቶ ተኛበት። አራት እግሩን ዘርግቶ አቀፈው።

«ይሄ የኔ ነው» አለ። «የሚነካው ይምጣ።»

ቀበሮ ሮጦ ጆሮው ሥር ደረሰ። «ውረድ፣ አንተ ደንቆሮ፤ ለአንተው ብዬ ነው። እሷ እንድትወስደው ተወው። ኋላ ሙሉዋን ታገኛታለህ።»

«ባለፈውም ለአንተው ብዬ ነው ብለህ ቅልጥሙን ወስደህብኛል» አለው አያ ጅቦ። «አልወርድም።»

አንበሳ ቀና አለ። ከጠዋት ጀምሮ የሰማው ግልጽ ነገር ይህ ብቻ ነበር።

«አያ ጅቦ፣ ይህን መደብ ወስደሃል?»

«ወስጃለሁ፣ ጌታዬ።»

«ማንም አላስገደደህም?»

«የሚያስገድደኝ አልተወለደም።»

«ሸንጎው ሰምቷል» አለ አንበሳ። «በል እንግዲህ፣ ከገደሉ ማዶ።»

አያ ጅቦ ያን ጊዜ ኮባውን ገልጦ በእርካታ ነከሰ። ጥቂት አላመጠ። «ይሄ ሥጋ ጠጠር በዝቶበታል» አለ። የተፈረደበትን ነገር እስከ መጨረሻው አልተረዳውም። ነብሮች ገፍተው ሲያስወጡትም «ድርሻዬን ተሸክሜ ልሂድ» እያለ ይለምን ነበር። ያ ጅብ ነው በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው፤ በሚያውቁት አገርማ ማን ሊያነጥፍለት።

እመት አህይት ዳነች። የዳነችው ግን እውነቷ ታውቆላት አይደለም፤ ከሚፈርዱባት አንዱ ሆዳም ስለነበረ ነው። ይህንም ታውቃለች።

ወደ ተናደው ቁልል ቀስ ብላ ሄደች። በአፍንጫዋ ገፋ ገፋ አድርጋ አንዲት ጠጠር በከንፈሯ አነሳች፤ አምጥታ አንበሳ እግር ሥር አስቀመጠች።

«ምንድን ናት ይህቺ?» አለ አንበሳ።

«የኔ ናት፣ ጌታዬ። ዝንጀሮ ደክሞት ነበር። አስወጥቼው ነበር። ጩኸቱን ሰምቼ፣ ገደሉን ፈርቼ መልሼ አስገባሁት። ይህን ያጠፋሁ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ከጠዋት ጀምረን ስንከራከር ለምን አልተናገርሽም?»

«የጠየቀኝ አልነበረም።»

ዝንጀሮ ይህን ሲሰማ ጥፍሩን ማየት ተወ።

ጅግራ አንገቷን አስግጋ ቁልሉን አየች። «እመት አህይት፣ የቀረውስ የማን ነው?»

«የቀረውማ ድንጋይ ነው፣ ልጄ» አለች እመት አህይት። «ከወንዝ ነው ያመጣችሁት።»

ይህን ብላ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ አጠፈች። ቀና አድርጋ የምታቆማቸው እነዚያ ጆሮዎች ከዚያ ቀን ወዲህ በጨዋታ ቀን ቀና አላሉም። ወደ ደረቅ ጥጓ ሄዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። በማግስቱ ማለዳ ግን ከሁሉ ቀድማ ዳገቱ ሥር ቆማ ተገኘች፤ ሌላ የምታውቀው ሥራ አልነበራትም። ከእሷ ቀጥሎ የመጣው ዝንጀሮ ነበር። ተያዩና ዳገቱን ጀመሩ።

አለቱ ላይ ሌላ ክርክር ተነስቷል።

«ጥፋቷን ማመኗ ግን ያስመሰግናታል» ይላል አንዱ።

«ምን ያህል?» ይላል ሌላው።

«ግማሽ ያህል።»

«ሲሶ ይበቃታል።»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «በቅርጫ እንለየው» አለ፤ ድንጋይ ፍለጋም ወደ ወንዙ ወረዱ።

ከዚህ የምንማረው፣ ድልና ሽንፈት እንደ ቅርጫ ሥጋ ተከፋፍለው እንደማይታደሉ፣ በሩቅ ተቀምጦ በሌላው ስም ቁልል ከሚከምር ሸንጎ ይልቅም የራሱን አንዲት ጠጠር ለይቶ የሚያነሳ ደካማ ለእውነት እንደሚቀርብ፣ ይህን ማወቅ ግን ድንጋይ አጋዦችን ከወንዝ መልሶ እንደማያውቅ ነው።