አሥራ ሦስተኛዋ ወር

አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለታማሚዎች ስንት ፍሬ ኪኒና እንደሚሰጥና መቼ ተመልሰው እንደሚመጡ የሚናገር የኮምፒውተር ፕሮግራም ፈለገ። ስመኝና አንዳርጌ የሚባሉ ሁለት ባለሙያዎችን ጠራ። መቼም ሁለት ፕሮግራመር አንድ ክፍል ውስጥ ካስቀመጡ ክርክር አይጠፋም።

«እኔ ፕሮግራም የምጽፍበት የኮምፒውተር ቋንቋ ስሕተት አያሳልፍም። የጎደለ ነገር ካየ ያስቆመኛል» አለች ስመኝ።

«ወይ ቋንቋ! መጥረቢያ ብቻውን ቤት ሠርቶ ያውቃል? ዋናው ጠንቃቃ ሰው ነው» አለ አንዳርጌ።

ኃላፊው ጭቅጭቁ ሲሰለቸው፣ «በሉ፣ ሁለታችሁም ጻፉና እንየው» አላቸው።

የሙከራው ቀን ነሐሴ አንድ ነበር። እንዲሞክሩላቸው የተጠሩት ጋሽ ወንድይራድ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። የልብ ሕመም አለባቸው፤ ኪኒናቸውን ለሁለት ቀን እንኳ ካቋረጡ አልጋ ይይዛሉ። የተመረጠው ፕሮግራም ደግሞ በማግስቱ ለሁለት ሺህ ታማሚ ሥራ ሊጀምር ነው።

የአንዳርጌ ፕሮግራም ገና የካርድ ቁጥራቸው ሲገባ ቀጥ አለ። በቁጥሩ መሐል አንድ ፊደል ነበረች፤ ጠንቃቃው ሰውዬ ይህን አላሰበም። ስመኝ ሳቋን ዋጥ አደረገች። የእሷ ፕሮግራም ያለ አንዳች እንከን ወረቀቱን አወጣ፦ «ሠላሳ ፍሬ። ቀጣይ ቀጠሮ መስከረም አንድ።»

ጋሽ ወንድይራድ አነበቡት። «ልጄ፣ የጳጉሜን አምስት ቀን ምን ልዋጥ?» አሏት።

ስመኝ ክው አለች። ለፕሮግራሙ የነገረችው አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። ቋንቋውም አሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ ፈትሾ ምንም አልጎደለም ብሏታል። አንዳርጌም የራሱን ቢያይ ያው አሥራ ሁለት ሆኖ አገኘው።

«ለደመወዝ አትቆጠር ይሆናል፤ ለልብ ግን ትቆጠራለች» አሉ ሽማግሌው እየሳቁ።

«ልገድልዎት ነበር እኮ!» አለች ስመኝ እንባዋ እየመጣ።

«ተይ እንጂ፣ እኔም ረስቻታለሁ» አላት አንዳርጌ።

ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ቀረ። አንዳርጌ ሳምንቱን ሙሉ መድኃኒት ማደያው መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ታማሚዎቹን ሲጠይቅ ሰነበተ። ስመኝ ደግሞ አሥራ ሦስተኛዋን ወር ጨምራ እሱ የሰማውን ሁሉ በዚያ ጥብቅ ቋንቋዋ ጻፈችው። ፕሮግራሙ ሥራ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጋሽ ወንድይራድም ጳጉሜን በሰላም አለፏት።

ከዓመታት በኋላ ሁለቱም ሌላ መሥሪያ ቤት ሲገቡ በእነሱ ቦታ የተተካው ባለሙያ ፕሮግራሙን ለማሻሻል ተነሣ። እሱም እንደ ቀደሙት ጳጉሜን ዘለላት። ይኼኔ ቋንቋው «አንድ ወር ጎድሏል» ብሎ አላሳልፍ አለው። ሰውየው ሽማግሌውን በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም፤ ሆኖም በእሳቸው ጥያቄ የተነሣ በዚያ ዓመት አንድም ታማሚ ያለ ኪኒና አልቀረም።

ሰው ይረሳል፤ ጥሩ ቋንቋ ግን አንዴ የተነገረውን አይረሳም። ያልተነገረውንስ ከየት ያመጣዋል? ያንን የሚያመጣው ለመጠየቅ የማያፍር ሰው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አንድ ሰው የጠየቀው ጥያቄ ብዙ የማያውቃቸውን ሰዎች ያድናል።

እስቲ እርስዎም ያስቡት፦ በእጅዎ ሥራ የሚገለገለውን ሰው አጠገቡ ተቀምጠው የጠየቁት መቼ ነው?